“ትውልዱ ሰነፍ ነው” እያሉ ማምለጥ የለም!

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ውጤት በተነገረ ቁጥር የሚለቀቅ አንድ የታወቀ ዘፈን አለ። ዜማው አይለወጥም፣ ግጥሙም ያው ነው። “ትውልዱ ሰነፍ ነው!” “ቲክ ቶክ ጨረሰው!” “ጫትና ኳስ እንጂ መጽሐፍ አያውቅም!” ሹሙ ያወጣል፣ መምህሩ ይቀበላል፣ ወላጁም ያጨበጭባል። ከዚያ ሁሉም ወደየቤቱ ይገባል። ውድቀቱን ተሸክሞ መንገድ ላይ የሚቀረው ልጁ ብቻ ነው።

ቁጥሩን እንደሆነ ሁላችንም በቃላችን ይዘነዋል። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 ደግሞ 3.2። በ2016 ወደ 5.4፣ በ2017 ወደ 8.4 ከፍ አለ ተብሎ ተጨበጨበ። ከመቶ ልጅ ከዘጠና በላይ ወድቆ ጭብጨባ! ያም አልበቃ ብሎ በ2015 ክረምት ዩኒቨርሲቲና ኮሌጅ ጨርሰው የመጀመሪያውን የመውጫ ፈተና የወሰዱት ወጣቶች ውጤት ሲወጣ፣ ያለፉት ከመቶ አርባ ያህሉ ብቻ ሆነው ተገኙ። ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች 62 በመቶ ያህሉ፣ ከግሎቹ ደግሞ 17 በመቶ ያህሉ። እንግዲህ እነዚህኞቹ ሦስትና አራት ዓመት ሌክቸር ተሰጥቷቸው፣ ሃንዳውት ፎቶ ኮፒ አድርገው፣ ሚድና ፋይናል ተፈትነው፣ “አልፈሃል፣ አልፈሻል” እየተባሉ የመጡ ናቸው። እነሱንስ ማን ሰነፍ አደረጋቸው? ግሬዱን የሰጣቸው ቲክ ቶክ ነው እንዴ?

ነገሬ እንዳይጣመምብኝ አስቀድሜ ልናገር። ኩረጃው ይቀጥል ከሚሉት ወገን አይደለሁም። ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢ እንዲሰጥ መደረጉ፣ የመልስ ንግዱም መመታቱ ተገቢ ነው፤ ይህን ያደረጉትን ሰዎች በዚህ አልወቅሳቸውም። ግን እኮ ቴርሞሜትር ትኩሳት አያበርድም! የቆላ ልጅ ስለሆንኩ ወባን በደንብ አውቃታለሁ። በሽተኛው ብብት ሥር መለኪያ እየከተቱ “አርባ ገብቷል! አርባ ገብቷል!” ብሎ መጮህ ማንንም አላዳነም። ትኩሳቱን ለካችሁ፤ እሺ፣ አመሰግናለሁ። መድኃኒቱስ የታለ?

ተወልጄ ያደግሁት ኦጎልቾ ነው። ለማታውቋት፣ ኦጎልቾ በአርሲ የዝዋይ ዱግዳ ወረዳ ከተማ ናት፤ ከአሰላ ደጋ ቁልቁል ወደ ዝዋይ ሐይቅ በሚወርደው ቆላ ላይ የተቀመጠች። የካታር ወንዝ የአርሲን ተራራ ውኃ ሰብስቦ ወደ ሐይቁ የሚገባው በዚያው ወረዳ በኩል ነው። እኔ ከሃያ ዓመት በላይ በጠመኔ አቧራ ውስጥ ኖሬአለሁ። ከአንድ በላይ ኮሌጅ አስተምሬአለሁ። ስለዚህ ስለ ሰነፉ ትውልድ ስሰማ ከሰው ወሬ ሳይሆን ካየሁት ነው የምመልሰው።

ያየሁት ይኸ ነው። ከኦጎልቾ አካባቢ የመጣ አንድ የኮሌጅ ተማሪ እረፍት ሲሆን አባቱ ዘንድ ይሄዳል። ሌሊት ተነስቶ የውኃ መሳቢያውን ሞተር ያስነሳል። ሞተሩ አየር መሳቡን በድምፁ ብቻ ይለያል፤ ቱቦውን ፈትቶ፣ ጎሚኒውን ቀይሮ፣ ውኃ ሞልቶ መልሶ ያስነሳዋል። የቲማቲምና የሽንኩርት ዋጋ ዛሬ ስንት እንደዋለ፣ ደላላው ስንት እንደሚበላ፣ ነዳጁ ስንት እንደሚፈጅ በጭንቅላቱ ያሰላል። ሰኞ ክፍል ሲገባ ግን ይኸው ልጅ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ያንቀላፋል። እስቲ ንገሩኝ፣ ስንፍና የሰኞ በሽታ ነው? ቅዳሜ ንቁ የነበረ አእምሮ ሰኞ ጠዋት ምን ነካው?

የነካው ክፍሉ ነው! ፊት ለፊቱ የቆመው መምህር ስለ ግፊትና ስለ ፈሳሽ እያስተማረ ነው። ልጁ ሌሊቱን ሲታገለው ያደረውን ነገር ማለት ነው። ግን መምህሩ አንድ ቀን እንኳ “ከእናንተ መካከል የውኃ ሞተር የሚያውቅ ማነው?” ብሎ አይጠይቅም። ስላይዱን ያነባል። ስላይዱ የተቀዳው ከሌላ ስላይድ ነው፤ ያም ከሌላ። እንግሊዝኛውን አንባቢውም አይተነፍሰው፣ ሰሚውም አይውጠው። ልጁም ከጊዜ ብዛት አንድ ትልቅ ትምህርት ይማራል፦ ትምህርት ማለት ከሚያውቀው ነገር ጋር ፈጽሞ የማይገናኝ፣ ለፈተና ተቸክሎ በማግሥቱ የሚራገፍ ሸክም ነው። ይህንን ያስተማርነው እኛ ነን። አስተምረን ስናበቃ ደግሞ “ተነሳሽነት የለውም” ብለን እንከሰዋለን።

አሁን ደግሞ ስለ ስንዴ ልንገራችሁ። ኦጎልቾ የከተማ ስም ብቻ አይደለም፤ የስንዴም ስም ነው። የቁሉምሳ ግብርና ምርምር ማዕከል በ2004 ዓ.ም. ያወጣው የዳቦ ስንዴ ዝርያ “ኦጎልቾ” ይባላል። ቁሉምሳ ደግሞ ከአሰላ ወደ አዳማ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ወጣ ብሎ ነው ያለው። አርሲ የስንዴ አገር ነው፤ የስንዴም ጠላት አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ ተነስቶ “ኩብሳ” የተባለውን፣ ገበሬው ሁሉ የተማመነበትን ዝርያ አወደመው። ጥቂት ዓመት ሳይቆይ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ ላይ፣ “ዲገሉ” የተባለው ዝርያ ተራውን ለግንድ ዋግ ተሰጠ። ዲገሉም የአርሲ አገር ስም ነው። ገበሬው በአንድ ዝርያ ላይ ሲረጋ ዋጉ መልኩን ቀይሮ ይመጣል፤ ተመራማሪው አዲስ ዝርያ ያወጣል፤ ዋጉ ደግሞ ይከተላል። ሩጫ ነው!

ከዚህ የበለጠ ትምህርት ከየት ይመጣል? በዚህ አንድ ታሪክ ውስጥ የዘር ውርስ አለ፣ ዝግመተ ለውጥ አለ፣ ስታቲስቲክስ አለ፣ የአየር ጠባይ አለ፣ የዘር ንግድና የማዳበሪያ ዕዳ ኢኮኖሚክስ አለ። ለተማሪው የአባቱ ጎተራ ስለሆነ ማንም “ተነቃቃ” ብሎ አይለምነውም። ታዲያ በስንቱ ኮሌጃችን ዋግ የሚታወቀው በፓወር ፖይንት ላይ ባለች፣ ፎቶ ኮፒ ላይ ስትደርስ ጥቁር ነጥብ በሆነች ሥዕል ነው? በ2015 “ስንዴ ኤክስፖርት ጀመርን” ተብሎ ከበሮ ሲደለቅ፣ ከግብርና የተመረቀ ልጅ ቅጠል ላይ ያለውን ቢጫ ዋግ ከምግብ እጥረት ብጫነት መለየት አቅቶት ሲያፍር አይቻለሁ። ማፈር የሚገባው እሱ ነበር?

“የማስተማር ዘዴማ ከተለወጠ ቆየ!” የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ወረቀቱ ተለውጧል። በየዘመኑ አንድ አንድ ፋሽን መጥቶልናል። በ1996 ዓ.ም. ግድም ለመምህራን አሠልጣኞች ከፍተኛ ዲፕሎማ የሚባል ፕሮግራም ተጀመረ፤ “ተማሪ ተኮር”፣ “ተከታታይ ምዘና” የሚሉትን ቃላት አስለመደን። ሐሳቡ ደግ ነበር። በ1997 ፕላዝማ መጣ፤ ደቡብ አፍሪቃ የተሰናዳ ትምህርት በሳተላይት እየተላከ፣ ቴሌቪዥኑ ሲናገር መምህሩ በር ላይ ቆሞ የሚሰማበት ዘመን ሆነ። ጥያቄ ያለው ተማሪ እጁን ለማን ያወጣ? ለመስታወቱ? ቀጥሎ ደግሞ “አንድ ለአምስት” መጣ። ተማሪውን በአምስት በአምስት ከፋፍለው፣ አንድ ጎበዝ ራስ ላይ አስቀምጠው፣ “የትምህርት ልማት ሠራዊት” አሉት። ሠራዊት! መማር ውጊያ ሆኖ ነው ወይስ ተማሪው ጠላት? ማን ምን እንደሚያወራ ለመከታተል ይመች እንደሆነ እንጃ እንጂ፣ ለመማርስ አልበጀም። ጎበዙ ይሠራል፣ አራቱ ስማቸውን ይጽፋሉ፣ መምህሩ ቅጹን ይሞላል፣ ሪፖርቱ ወደ ላይ ይወጣል። ላይ ያለውም “መቶ በመቶ ተተግብሯል” ብሎ ለበላዩ ያሳልፋል።

እኔ ራሴ የደረሰብኝን ልናገር። ስሙንም ቦታውንም የማልጠራው አንድ ኮሌጅ ሳስተምር፣ ከአጥሩ ባሻገር ያለ ገበሬ ማሳው ላይ ምን እንደገባበት እያየን፣ ተማሪዎቼን ይዤ ወጣሁ። ሁለት ሰዓት ቆየን። ያን ቀን የጠየቁኝን ጥያቄ ያህል ሙሉ ሴሚስተር ተጠይቄ አላውቅም፤ ኋላ ወንበር የማትለቅ አንዲት ልጅ ገበሬውን በአፋን ኦሮሞ ስታጣድፈው፣ ማስታወሻዋን ስትሞላ አየሁ። በሳምንቱ ደብዳቤ ደረሰኝ። “በክፍለ ጊዜው በመማሪያ ክፍል ባለመገኘትዎ” የሚል ማስጠንቀቂያ! በዚያው ወር ደግሞ የሚሞላ ቅጽ መጣ፤ “ተማሪ ተኮር ዘዴን ምን ያህል ተጠቅመዋል?” ይላል። አንባቢ ሆይ፣ ሳቅ ካማረህ ሳቅ፤ እኔ ግን ደብዳቤውን እስከ ዛሬ አስቀምጬዋለሁ።

የሚያናድደው ደግሞ ይኼ ነገር ለእኛ አዲስ አለመሆኑ ነው። የጎንደር የጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው ደንቢያን ወባ ፈጅቶት ነው። በሽታው ጠራ፣ ትምህርት ቤቱ “አቤት” አለ። ተማሪዎቹ በቡድን ሆነው ጤና ጣቢያ እየወረዱ ነበር የሚሠለጥኑት። የዓለማያ እርሻ ኮሌጅ ሲመሠረት ከአሜሪካው ኦክላሆማ የመጣው ሐሳብ ማስተማርን፣ ምርምርንና ገበሬ ዘንድ መድረስን በአንድ ጣሪያ ሥር ማድረግ ነበር። በ1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ የሚያስገድድ ደንብ አወጣ። ጅማ በ1975 የተከፈተው የጤና ሳይንስ ተቋም ደግሞ ትምህርቱን ገና ከጅምሩ ኅብረተሰቡ ውስጥ አስገብቶ፣ የተለያየ ሙያ የሚማሩትን አንድ ላይ አሰልፎ አሠለጠነ። እዚያው አርሲ ውስጥ ስዊድኖች ያገዙት የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ ካዱ የምንለው፣ ከ1960 ዓ.ም. ግድም ጀምሮ የስንዴና የማዳበሪያ ሙከራውን ወደ ገበሬው ማሳ አወረደ። እርግጥ ነው፣ የካዱ ዘመን ትራክተር ብዙ ጭሰኛ ከመሬቱ አፈናቅሏል፤ ያንን አርሲ አይረሳም። ግን ዕውቀት ማሳ ላይ እንደሚፈተን ያሳየ ሥራ ነበር።

እና ለምን ቀረ? የገንዘብ እጥረት ብቻ ነው ብዬ አላምንም። ገጠር ደርሶ የተመለሰ ተማሪ ጥያቄ ይዞ ነው የሚመለሰው። ጭሰኛ ቤት ያደረ ልጅ “መሬት ለማን?” ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ በዚያ ዘመን የሆነውም ይኸው ነው። ዛሬም የማዳበሪያ ወረፋ ላይ የቆመ ተማሪ “ለምን ዘገየ? ማን በላው?” ማለቱ አይቀርም። ስላይድ የሚቸክል ተማሪ ግን ምንም አይጠይቅም። ለሚገዛ ሰው የቱ ይመቻል? መልሱን ለአንባቢ ትቼዋለሁ።

“ዕድገት በኅብረት ይመለስ ነው የምትለው?” እንዳትሉኝ። ዘመቻ አላልኩም! ተማሪን በግዴታ ጭኖ መላክ ሌላ፣ ትምህርትን ከኑሮ ጋር ማገናኘት ሌላ።

“አንድ ክፍል ሰማንያ ተማሪ ተጨናንቆ፣ ደመወዝ የቤት ኪራይ ሳይሸፍን፣ ይኼ ሁሉ ቅብጠት ነው” የሚሉኝ ባልደረቦቼም አሉ። ደመወዙን በተመለከተ ቃል አልመልስም፤ በኅዳር 2015 የዩኒቨርሲቲ መምህራን አድማ እስከ መጥራት የደረሱት ጠግበው አልነበረም። የተራበ መምህር ሌላውን ለማነቃቃት አቅም ከየት ያመጣል? መንግሥት ይህን ሳያስተካክል ስለ ጥራት ባይሰብከን ደስ ይለኛል። የቁጥሩ ብዛት ግን ሌክቸርን አያስመሰግንም። እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ ስኮት ፍሪማንና ባልደረቦቹ 225 ጥናቶችን ሰብስበው ሲያመዛዝኑ፣ በሳይንስና በሒሳብ ነክ ኮርሶች ዝም ብለው ሌክቸር ብቻ የሰሙ ተማሪዎች፣ እየተወያዩና እየሠሩ ከተማሩት ይልቅ የመውደቅ ዕድላቸው አንድ ተኩል እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ትንንሽ ክፍሎች ላይ ጥቅሙ ይበልጥ እንጂ ትልልቆቹም ተጠቅመዋል። ሰማንያ ተማሪ ላለው መምህር “አጠገብህ ካለው ጋር ሦስት ደቂቃ ተከራከሩበት፣ ከዚያ መልስ” ለማለት የዓለም ባንክ ብድር አያስፈልግም።

ብድር ስል በቆጂ ትዝ ትለኛለች። ከኦጎልቾ ተነስታችሁ ደጋውን ብትወጡ ከአሰላ ወዲያ ታገኟታላችሁ። ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለን፣ ጥሩነሽ ዲባባን ያፈራችው ከተማ ምን ነበራት? አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ እዚያ የገባው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ሆኖ ነው። ዘመናዊ መም አልነበረውም። ዳገት ነበረው፣ ጫካ ነበረው፣ ቀዝቃዛ አየር ነበረው፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሲሮጥ ያደገ ልጅ ነበረው። ከሌለው አልጀመረም፤ ካለው ጀመረ። እኛ ኮሌጆች ውስጥ የምናደርገው ተቃራኒውን ነው። ልጁ ያለውን ሁሉ በር ላይ አስጥለን፣ የሌለውን እየቆጠርን እናፈርደዋለን።

እንግዲህ ተቃዋሚ ሁሉ “ችግር ብቻ ይቆጥራል” ስለሚባል፣ ምን ይደረግ ለምትሉኝ እነሆ፦

አንደኛ፣ መምህር ከክፍል ወጥቶ ማስተማሩ ጥፋት መሆኑ ይቅር። እያንዳንዱ ኮርስ ቢያንስ አንድ የአካባቢውን እውነተኛ ጥያቄ ይያዝ። አሰላ ያለ ኮሌጅ የቢራ ብቅል ፋብሪካውንና ቁሉምሳን፣ ዝዋይ ዙሪያ ያለው ሐይቁን፣ አዲስ አበባ ያለው የመርካቶን ንግድና የታክሲውን ሰልፍ ይጠይቅ።

ሁለተኛ፣ ተግባራዊ ልምምድ የሚባለው ነገር ከማኅተም ፍለጋነት ይውጣ። ተማሪው አንድ መሥሪያ ቤት ሄዶ ሻይ እያቀረበ ሁለት ወር ቆይቶ፣ ወረቀት አስመትቶ ሲመለስ ሁላችንም እያወቅን ዝም ብለናል። ምን ሠራህ፣ ምን አበላሸህ፣ ምን አስተካከልክ ተብሎ በአፉ ይጠየቅ።

ሦስተኛ፣ ክርክሩ ተማሪው በሚያስብበት ቋንቋ ይሁን። በኦሮሚያ እስከ ስምንተኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ተምሮ፣ ከዚያ በእንግሊዝኛ የሚጠመቅ ልጅ ዝም ሲል ደደብ ስለሆነ አይደለም። በአፋን ኦሮሞ ይሁን በአማርኛ ይከራከር፤ ተግባብቶ ሲያበቃ እንግሊዝኛውን ይጻፈው። ቋንቋውም ያኔ ነው የሚገባው።

አራተኛ፣ ፈተናው ይለወጥ። ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ እያከበብን መሥራትን የሚያውቅ ምሩቅ መጠበቅ ሽንብራ ዘርቶ ስንዴ መጠበቅ ነው። የመውጫ ፈተናውም ቢሆን የተማሪውን ውጤት ብቻ ሳይሆን የኮሌጁን ውድቀት ይናገር። ተማሪው ወድቆ ቤቱ ሲገባ፣ ያስተማረው ኮሌጅ ክፍያውን ኪሱ አድርጎ ለሚቀጥለው ዓመት ማስታወቂያ መለጠፉ ፍርድ ነው?

አምስተኛ፣ ቅጹ ይቀነስ! መምህሩ ተማሪ ተኮር መሆኑን ለማስረዳት የሚያጠፋውን ሰዓት ለተማሪው ይስጠው።

ይህ ሁሉ ለአዋቂ ተብዬው ቀላል ወሬ ሊመስለው ይችላል። ለአንድ የኦጎልቾ ገበሬ ግን ቀላል አይደለም። ልጁን ኮሌጅ ለማስገባት በሬ ሸጧል። በሬው የሄደበት ልጅ አራት ዓመት ቆይቶ ሲመለስ፣ የውኃ ሞተሩን ከበፊቱ የተሻለ ካላስነሳ፣ ዋጉን ከአባቱ ቀድሞ ካላየ፣ የደላላውን ሒሳብ ካላጋለጠ፣ ያ ቤተሰብ የገዛው ጥቁር ካባ ለብሶ የተነሳ አንድ ፎቶግራፍ ብቻ ነው። ፎቶግራፍ ደግሞ አያርስም። ታናሽ ወንድሙ ያንን አይቶ ደብተሩን ጥሎ በረሃ አቋርጦ ዓረብ አገር ልሂድ ቢል፣ በምን አፋችን “ተማር” እንለዋለን?

ስለዚህ ክቡራን ሹማምንት፣ ሚዛናችሁን ይዛችሁ ስትመጡ ጥያቄውንም ወደ ራሳችሁ አዙሩት። ስንት ልጅ ወደቀ ብላችሁ ብቻ አትንገሩን። ስንት ኮሌጅ አስተማረ? ስንት መምህር እንዲያስተምር ተፈቀደለት? ይህንን መልሱና ከዚያ በኋላ ስለ ሰነፉ ትውልድ እንነጋገራለን።